የተበላ የካንዴላ ጥርስ፤ ከአሉሚኒየም ሞተር ታሪክ አንድ ምዕራፍ

የሞተርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ ፈጣሪዎቹ፣ ስለ ፋብሪካዎቹና ስለ ፍጥነቱ ነው። ሞተሩ ከተሸጠ በኋላ በመካኒኮች እጅ ስለሚያሳልፈው ረጅም ዘመን የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚሁ ከተዘነጋው ወገን አንዱን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ጥርጊያ መንገድ በማይሻ አሮጌ መኪና ሞተር ላይ የካንዴላው ቀዳዳ ጥርስ ሲበላ የሚደረገው ጥገና ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥገና ከፋብሪካ ሥራ የሚያንስ የጊዜው መላ ነውን? ወይስ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው? እኛ ዕውቀት ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በአገራችን ጋራዦች በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው ዕቃ ካንዴላ፣ የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታ፣ ብሎኑም ቡሎን ይባላል። ሦስቱም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ካንዴላ በዚያ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። የታሪክ ተማሪ እነዚህን ቃላት ችላ ሊላቸው አይገባም፤ ሙያው በየትኛው በር እንደገባ ከመዝገብ ይልቅ የመካኒኩ አፍ ይመሰክራልና።

ካንዴላው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1902 በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ኃይል ያለው ማኜቶ ከካንዴላ ጋር አያይዞ ባቀረበ ጊዜ ነው። ካንዴላው በቴስታታው ላይ የሚታሰረው በጥርስ ስለሆነ የጥርሱ ልክ ትልቅ ነገር ነበር። እንግሊዞች ከ1841 ጀምሮ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ባወጣው የኢንች ልክ ይሠሩ ነበር፤ በ1898 ደግሞ በዙሪክ የተሰበሰበው ጉባኤ የሜትር ልክ ያለውን ጥርስ ወሰነ። የአሜሪካው የፎርድ ቲ ሞዴል ካንዴላ በኢንች የቧንቧ ጥርስ የሚገባ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የሜትሩ ልክ አሸነፈ፤ በመጀመሪያ 18 ሚሊሜትር፣ ኋላም 14 ሚሊሜትር ስፋትና ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ካንዴላ ተስፋፋ። ስለዚህ ቡሎኖቹ ሁሉ በኢንች የተሠሩ የእንግሊዝ መኪና እንኳ ካንዴላውን በሜትር ልክ ሲቀበል እናገኘዋለን።

የጥርሱ መበላት ዋና ችግር የሆነው ግን የቴስታታው ማዕድን ሲለወጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1941 ጀምሮ በብዛት የተሠራው የዊሊስ ጂፕ ሞተር የብረት ሞተር ነበር። በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ የታየው ላንድሮቨር ደግሞ አካሉ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተለበጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ነበርና። ሆኖም በ1958 ለዚሁ መኪና የወጣው የ2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከነቴስታታው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነበር። እንግዲህ አሉሚኒየሙ በቆዳው ላይ እንጂ ገና ወደ ልቡ አልገባም ማለት ነው።

ወደ ልቡ የገባው በአሜሪካ በኩል ዞሮ ነው። የቢዊክ ፋብሪካ ለ1961 ሞዴል ስምንት ሲሊንደር ያለው የ3.5 ሊትር የአሉሚኒየም ሞተር አወጣ፤ ከ1963 በኋላ ግን ተወው። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ በ1965 የመሥራት መብቱን ገዛ፤ በ1970 ለወጣው ሬንጅ ሮቨርም ይህንኑ ሞተር ሰጠው። ከዚያ የተወለዱት ሞተሮች እስከ 2004 ድረስ በኩባንያው መኪናዎች ላይ ሠርተዋል። በዚህ ሁኔታ ጭቃና ድንጋይ ለሚረግጥ መኪና ቀላል ሞተር ተገኘ፤ የቀላልነቱ ዋጋ ግን ኋላ በመካኒኩ ላይ ወደቀ።

ዋጋው እንዲህ ነው። አሉሚኒየም ከካንዴላው ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ በሙቀትም ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በሞቀ ቴስታታ ላይ ጠብቆ የታሰረ ካንዴላ ሞተሩ ሲበርድ በጠበበው ቀዳዳ ተይዞ ይቀራል። እርጥበት ሲጨመርበት ሁለቱ ማዕድኖች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ከልኩ በላይ የረዘመ ካንዴላ የገባ እንደ ሆነ ጫፉ በማቃጠያው ክፍል ውስጥ ወጥቶ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ሲፈታም ጥርሱን እየፋቀ ይመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ካንዴላውን አጣሞ በቁልፍ ኃይል ማስገባት ነው፤ የብረት ቴስታታ ይህን በደል ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ አሉሚኒየሙ ግን አይችለውም።

መድኃኒቱ የተገኘው በመኪና ጋራዥ ሳይሆን በአውሮፕላን ሥራ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ክብደት ለመቀነስ አሉሚኒየምን ከመኪና ሠሪዎች ቀድመው ስለ ተጠቀሙ ችግሩን ቀድመው አዩት። ስለዚህ በካንዴላው ቀዳዳ ውስጥ የነሐስ ወይም የብረት ቀለበት ያስገቡ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ጠንካራ ሽቦ እንደ ሞላ ጠምዝዞ በቀዳዳው ውስጥ ጥርስ አድርጎ የማስቀመጥ ዘዴ ወጣ፤ ሄሊኮይል በሚል የንግድ ስም የታወቀው ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ ሠርቶ ከዚያ ወደ መኪና ጋራዥ ወረደ።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። የተበላው ጥርስ በልዩ ጥርስ ማውጫ ይጠረግና ሰፋ ያለ አዲስ ጥርስ ይወጣል፤ ለ14 ሚሊሜትሩ ካንዴላ የአዲሱ ጥርስ ስፋት ከ15.5 ሚሊሜትር በላይ ነው። ቴስታታው ካልተነሣ የአሉሚኒየሙ ፍቅፋቂ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ማውጫው በግሪስ ይቀባል፤ በየጊዜውም እየወጣ ይጠረጋል። ከዚያ የማይዝገው ሽቦ ተጠምዝዞ ይገባል። ሽቦው ከቀዳዳው ጥቂት ሰፋ ያለ ሆኖ ስለ ተሠራ ከገባ በኋላ ወደ ውጭ እየገፋ ራሱን ይይዛል። የላይኛው ጫፉ ከካንዴላው መቀመጫ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ካንዴላው በትክክል አይቀመጥም፤ ጋዝም ያመልጣል። ከቀዳዳው የተነሣ ስንጥቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ይህ ጥገና አያድንም፤ ቴስታታው መበየድ ወይም መለወጥ ይኖርበታል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይሰማል። የማይዝገው ብረት ሙቀትን እንደ አሉሚኒየም ስለማያሳልፍ ካንዴላው ከልክ በላይ ይሞቃል የሚሉ አሉ። የሽቦውና የአሉሚኒየሙ ጠባይ እንደተባለው ነው፤ ነገር ግን ሽቦው ቀጭን ከመሆኑም በላይ የካንዴላው ቀለበት እንደ ቀድሞው በቴስታታው ላይ ስለሚያርፍ ሙቀቱ መውጫ አያጣም። በሌላ በኩል በተራ ጥርስ ላይ ከጭነቱ አብዛኛውን የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥርሶች ሲሆኑ፣ ሽቦው እንደ ሞላ ጥቂት እየተሳበ ጭነቱን ለሌሎቹም ያካፍላል። መፍቻው በተደጋጋሚ ሲመላለስ የሚፋቀውም ጠንካራው ሽቦ እንጂ ለስላሳው አሉሚኒየም አይደለም። ስለዚህ በሚገባ የተጠገነ ቀዳዳ ከመጀመሪያው የሚበረታበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከአንድ ቀዳዳ ያልፋል። ዘዴው በጥገና ብቻ አልቀረም፤ የአሉሚኒየም ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ በሚፈታ ጥርስ ላይ ሽቦውን በአዲስ ዕቃ ውስጥ ከመጀመሪያው ያስገባሉ። ቁስሉን ለመዳን የተማሩት ነገር የጤናው መጠበቂያ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ጥገናን የፋብሪካ ሥራ ጭራ አድርጎ ማየት ታሪኩን ማጉደል ነው፤ ማዕድኑ የት እንደሚደክም የሚታየው ዕቃው ሲፈታና ሲታሰር ነውና።

በተግባር በኩልም ነገሩ ቀላል አይደለም። በአንድ ቀዳዳ ምክንያት ደኅና ቴስታታ የሚጣልበትና መለዋወጫ እስኪመጣ መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሞተሩ ሲበርድ መፍታት፣ የካንዴላውን ቁመት መለየት፣ የመጀመሪያዎቹንም ዙሮች በጣት ማስገባት ከብዙ ወጪ ያድናል። ይህ ካልሆነና ጥርሱ ከተበላ ግን ቴስታታውን ከመጣል በፊት ሽቦውን የሚያውቅ መካኒክ መጠየቅ ይገባል። የሙያ ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችንም ወደ ቤተ መጻሕፍት እንደሚሄዱ ሁሉ ወደ ጋራዥም ጎራ ቢሉ፣ ያልተጻፈ ብዙ ነገር እንደሚያገኙ እናምናለን።