ጨረር ያልበገረው ሕዋስ

እስቲ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ ጨረር ስላልበገረው የሳንባ ዕጢ ነው፤ ነገሩ የሚነሳው ግን ከአንዲት ትል ነው። ዘመኑንም በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ።

ትሏ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ገላዋ ብርሃን ያሳልፋልና ሕዋሶቿ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አሜሪካዊው ቪክተር አምብሮስ ዕድገቷ የተዛባ ትል ይዞ ለጥፋቱ ተጠያቂ የሆነውን ጂን ያሳድዳል። ጂን ከተገኘ ፕሮቲን ይሠራል፤ ያኔ የሚታወቀው ይኼው ነበር። እሱ ያገኘው ግን 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ አርኤንኤ፣ ዛሬ ማይክሮ አርኤንኤ የምትባለው፣ ሆነች! ጋሪ ራቭከን ደግሞ በሌላ ቤተ ሙከራ የዚችኑ ትል ሌላ ጂን ይመረምራል። ሁለቱ የያዙትን ፊደል ተለዋውጠው ቢያስተያዩት፣ ቁራጯ ራቭከን የያዘው ጂን በሚልከው መልእክት ጫፍ ላይ ትገጥማለች። ከተለጠፈችበት መልእክቱ ፕሮቲን ሳይሆን ይቀራል። ግኝቱ በ1993 ታተመ፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን የትል ጉዳይ ነው ብለው አለፉት።

በ2000 የራቭከን ቡድን ሌላዋን ቁራጭ፣ ሌት-7ን፣ ይዞ ብቅ አለ። ይህቺኛዋ በሰው ገላም ውስጥ ተገኘች። አሁን ማን ዝም ይላል? በ2004 ጃፓናውያን የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ዕጢ መረመሩ፤ ሌት-7 ያነሰባቸው ቀድመው ይሞቱ ነበር። በዓመቱ የየል ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ስላክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ጠቆሙ፤ ሌት-7 ራስ ለሚባለው ጂን ልጓሙ ናት። ራስ ልጓሙን ሲበጥስ ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ተባዛ ይለዋል።

ወደ ጨረሩ እንምጣ። ለብዙ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች የሚታዘዘው በጨረር መለኪያ 60 ግሬይ ነው፤ በቀን 2 ግሬይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት። ጨረሩ የሕዋሱን ዲኤንኤ ሁለቱንም ክር ይበጥሳል። ያልጠገነ ሕዋስ ይሞታል። ክፉው ሕዋስ ግን ሌሊቱን ሲጠግን ያድራል፤ ራስም «አትሙት» የሚለውን ትእዛዝ ደጋግሞ ይልክለታል። ሚር-21 የምትባለዋ ቁራጭ ደግሞ ከዕጢው ጋር አብራለች፤ በሳንባ ካንሰር በዝታ ትገኛለች፣ ይህንኑ ትእዛዝ የሚገታውን ፒቴን የተባለ ፕሮቲንም ታዳክማለች።

በ2007 ተመራማሪዎች ኤ549 የሚባሉትን ሕዋሶች ወሰዱ። እነዚህ በ1972 ከአንድ ሰው የሳንባ ዕጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚባዙ ናቸው። ሌት-7ን ሲጨምሩላቸው ጨረሩ በረታባቸው፤ ሲቀንሱባቸው ተቋቋሙት። ያቺው ትልም ተመሳሳይ ነገር አሳየች።

ታዲያ እንዲህ ያሉትን ቁራጮች ለምን አይወጉንም ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል እኮ! ሚር-34 የተባለችውን ሌላ ቁራጭ በስብ ጠቅልለው፣ ያለ ጨረር፣ ለካንሰር ሕመምተኞች በደም ሥር ሰጡ። የአንዳንዶቹ የሰውነት መከላከያ ክፉኛ ተቆጣ፤ ሰው ሞተ፤ ሙከራው በ2016 ቆመ። በሳህን ላይ ያለ ሕዋስና አልጋ ላይ ያለ ሰው አንድ አይደሉም።

አምብሮስና ራቭከን በ2024 ኖቤል ተሸለሙ፤ ይገባቸዋል። ለሳንባ ካንሰር ጨረር አጋዥ ተብሎ የተፈቀደ የማይክሮ አርኤንኤ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። አለኝ ብሎ የሚሸጥላችሁ ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ሐኪማችሁ ያዘዘውን ጨረርም አታቋርጡ።