የጣና ደሴቶች የወቅት ኑሮና የበዓል የእጅ ሥራ

የጣና ደሴቶች የወቅት ኑሮና የበዓል የእጅ ሥራ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል፣ በጣና ሐይቅ ደሴቶችና በዙሪያው ባሉ የውሃ ዳር መንደሮች የሚኖረው ሕዝብ ዓመቱን ከሐይቁ መሙላትና መጉደል ጋር አያይዞ የሚኖርበት ልማድ ነው። ለበዓላት በእጅ የሚዘጋጁትንም ነገሮች ያጠቃልላል። ከእነዚህም ውስጥ የደንገል ታንኳ፣ የእንግጫ ጉንጉን፣ ችቦ፣ ጅራፍ፣ የገና ዱላ፣ የዘንባባ ቀለበትና የስንደዶ ስፌት ይገኙበታል። አብዛኞቹ በዓላት በሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል የሚከበሩ ናቸው። የጣናን አካባቢ የሚለየው፣ ለኑሮም ሆነ ለበዓል የሚያስፈልገው ብዙ ነገር ከሐይቁ ዳር የሚገኝ መሆኑና ውሃው ሲለወጥ የእጅ ሥራውም አብሮ የሚነካ መሆኑ ነው።

ሐይቁና ደሴቶቹ

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ አንጻር አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከሚገቡበት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው።

በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ቁጥሩ ከውሃው ከፍታ ጋር ይለዋወጣል፤ ውሃው ሲጎድል አንዳንዱ ደሴት ከየብስ ጋር ይያያዛል። ትልቁ ደቅ ደሴት ነው። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ እቴጌዪቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ከደቅ አጠገብ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። በዚህ ገዳም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም እንደሚገኝ ይታወቃል። ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ ገዳማት ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። ደቅ በአንጻሩ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ የሚታረስበትና ዓሣ የሚሰገርበት ደሴት ነው።

የውሃው ዓመት

የሐይቁ ከፍታ በዓመት ውስጥ በአማካይ 1.5 ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝቅተኛው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ ወንዞቹ ሞልተው ሲገቡ ውሃው እያደገ ይሄድና ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ጣና የሚሞላው እንግዲህ ሰማዩ ሲጠራና አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው።

ይህ መዘግየት የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በትንሽ ከፍታ ለውጥ ብዙ ዳርቻ ስለሚለቅ፣ ከጥቅምት ወዲህ ውሃው ሲያፈገፍግ እርጥብና ለም መሬት ይተዋል። ነዋሪው ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ባሕር ሸሹ ዝናብ ሳይጠበቅ በቀረው እርጥበት ይዘራል። የማንም ቋሚ ይዞታ ያልሆነና በየዓመቱ ስፋቱ የሚለዋወጥ መሬት በመሆኑ ግን የድንበር ክርክር ያስነሣል።

ዓሣ አስጋሪውም የራሱ ወቅት አለው። የባርበስ ወገን የሆኑ ዓሦች በክረምት ወራት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ ላይ በዚህ ጊዜ መረብ መዘርጋት ብዙ ዓሣ ያስገኛል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ አስቀድሞ የሚያጠፋ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ደግሞ በሐይቁ ውስጥና በዳርቻው ይያዛሉ። የዓሣ ገበያ የሚደራው በተለይ በዐቢይ ጾም ነው። በጾም ዓሣ መብላትን በተመለከተ ግን የሁሉም ምእመን ልማድ አንድ አይደለም፤ የሚበላም የማይበላም አለ።

ታንኳ

የአካባቢው ዋነኛ የእጅ ሥራ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። የደንገሉ አገዳ ውስጡ አየር ያዘለ ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሠሪው አገዳውን ቆርጦ ያደርቃል፤ ከዚያም በእቅፍ በእቅፍ አድርጎ በገመድ አጥብቆ ያስራል። ረዣዥሞቹ እስሮች ጎንና ጎን ተገጥመው የታንኳውን አካል ይሠራሉ። የፊተኛው ጫፍ ቀጥኖ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በመካከል የሚነጠፈው ሌላ የደንገል ንብርብር ቀዛፊውንና ጭነቱን ከውሃው ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ይቆማል። እንዲህ ተጠብቆም ዕድሜው ከወራት አይዘልም፤ አሮጌው ሲበሰብስ አዲስ ይታሰራል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ቀዛፊዎች ጠዋት መውጣትን ይመርጣሉ። ታንኳ እንጨት፣ እህልና ዓሣ ወደ ገበያ ያደርሳል። የበዓል ዋዜማ ሸቀጥም በዚሁ ሲመላለስ ኖሯል።

በታንኳ ሥራ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች የነበሩ ሲሆን የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ብዙዎቹ የእስልምና ተከታዮች ናቸው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በሚል ምክንያት በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተገልለው ኖረዋል። ሆኖም የክርስቲያኑን የበዓል እህልና እንጨት የሚያጓጉዘው ታንኳ በእነርሱ እጅ የተሠራ ነበር።

የጣና ደንገል ከኢትዮጵያም ውጭ ተጉዟል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በደንገል መርከብ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ፣ «ራ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

የበዓላት የእጅ ሥራ በወቅት ቅደም ተከተል

ቡሄ። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል የሚውለው ዝናቡ በበረታበት ጊዜ ነው። ልጆች ከቃጫ ወይም ከልጥ ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ። ድምፁ በታቦር ተራራ ከተሰማው ድምፅ ጋር ይያያዛል፤ በዋዜማው የሚበራው ችቦ ደግሞ የዚያኑ ተራራ ብርሃን ያስታውሳል። እናቶች ሙልሙል ጋግረው፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ለሚዞሩ ልጆች ይሰጣሉ።

እንቁጣጣሽ። በደቡባዊና በምዕራባዊው የጣና ዳርቻ፣ ማለትም በጎጃም ወገን፣ የዘመን መለወጫ ዋና የእጅ ሥራ እንግጫ ነው። እንግጫ በክረምት እርጥበት የሚበቅል ሣር መሰል ተክል ነው። ልጃገረዶች በጳጉሜን መጨረሻ ተሰብስበው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፣ ከዚያም ጎንጉነው ከአደይ አበባ ጋር ያስሩታል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት ጉንጉኑን በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያደርጋሉ፤ በቤቱ ምሰሶም ያስራሉ። በብዙ ቦታ ጉንጉኑ እስከ መስቀል ይቆይና ከደመራው ጋር ይቃጠላል። ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ ፀሐይ፣ አበባና መልአክ በቀለም ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ።

መስቀል። መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ በማግስቱ በዓሉ ይውላል። ችቦው ከደረቀ ጭራሮና ከቀጫጭን እንጨት እየታሰረ ይዘጋጃል። ክረምቱ ገና እንደወጣ ደረቅ እንጨት ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ለችቦ የሚሆነው ቀደም ብሎ ተሰብስቦ ዝናብ በማይነካው ቦታ ይቀመጣል።

የስፌት ወቅት። ስንደዶና አክርማ የሚለቀሙት ክረምቱ ሲያልቅ ነው። ሴቶች ሣሩን ሰንጥቀውና ቀለም ነክረው መሶብ፣ ሰፌድና ሙዳይ ይሰፋሉ። አንድ መሶብ ለመጨረስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በመስከረም የተለቀመው ሣር እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ የሚሆነው ለገና ወይም ለፋሲካ ነው።

ገና። በታኅሣሥ መጨረሻ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት የገና ጨዋታ ይደራል። ተጫዋቹ ጫፉ በተፈጥሮ የታጠፈ እንጨት ፈልጎ ይልጣል፤ ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች።

ጥምቀት። ጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት ዕለት ከተራ ይባላል። ቃሉ «መከተር» ከሚለው የመጣ ሲሆን ወራጅ ውሃን ማገድን ያመለክታል። ሰፊ ውሃ በሌለበት ደጋ ይህ የብዙ እጅ ሥራ ነው። በሐይቁ ዳር ያለ መንደር ግን ውሃው ቀርቦለታል።

ሆሣዕናና ፋሲካ። በሆሣዕና እሑድ ምእመናን ከዘንባባ ቅጠል ቀለበትና መስቀል ጎንጉነው በጣታቸውና በግንባራቸው ያስራሉ። በቀዳም ሥዑር ካህናት ቃጭል እያቃጨሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም ራሱ ላይ ያስረዋል። ቄጤማው ርግብ ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሠረችበት ለምለም ቅጠል መታሰቢያ ነው። በጣና ይህ ዕለት የሚውለው የሐይቁ ውሃም በእርግጥ እየጎደለ ባለበት ወራት ነው። ቄጤማው ራሱ ረግረግ ስለሚወድ ከዚያው ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ በበዓላት ሁሉ በቤቱ ወለል ላይ የሚጎዘጎዘውም እርሱ ነው።

ለእነዚህ በዓላት ሁሉ ጠላ ይጠመቃል፣ ድፎ ዳቦ ይደፋል። ለጠላው የሚያስፈልገው ጌሾና ለበዓሉ የሚፈላው ቡና ከሐይቁ ዳር አይርቁም። በተለይ በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር በቡናውና በጌሾው ይታወቃል። በዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት ማረስና ከብት ማርባት ለብዙ ዘመን የተከለከለ ስለነበር ደኑ ሊጠበቅ ችሏል።

ለውጥና ስጋት

እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በከፊል በሰው እጅ የሚወሰን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከሐይቁ ውሃ የሚወስደው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የባሕር ሸሽ እርሻ መስፋፋት፣ ልቅ ግጦሽና ያለገደብ መታጨድ የደንገሉን ሽፋን እያመናመኑት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተባለ መጤ አረም ሌላው ስጋት ነው። አረሙ በውሃው ላይ ተነጥፎ የታንኳንና የጀልባን መንገድ ይዘጋል፣ መረብ ያጠላልፋል፣ ውሃው ሲሸሽም በእርሻው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ማሽኖች ቢሰማሩም ብዙው አረም የተነቀለው ገበሬዎችና ከተለያየ ቦታ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነው።

የእጅ ሥራውን የሚተኩ ዕቃዎችም በዝተዋል። ከተማ ላይ የፕላስቲክ ቄጤማ ይሸጣል፤ የሕትመት ካርድ ልጆች የሚሥሉትን ሥዕል ተክቷል። የሞተር ጀልባም ከታንኳ ፈጥኖና ብዙ ጭኖ ይሄዳል፤ ለሕሙማንና ለነጋዴዎች ጥቅሙ ግልጽ ነው። በእነዚህ የእጅ ሥራዎች መካከል ግን ልዩነት አለ። ጅራፍና የገና ዱላ ልጅ እስካለ ድረስ ከተገኘው ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። የታንኳ ሙያ ግን በደንገል ላይ የተመሠረተ ነው። ታንኳ በየጥቂት ወሩ እንደገና የሚሠራ በመሆኑ ልጅ ከአባቱ ጋር እያሰረ በተደጋጋሚ ይማረዋል፤ ደንገሉ ሲርቅ ወይም ሲጠፋ ይህ መማሪያ አብሮ ይቋረጣል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን ከነዙሪያው በሰውና ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ይህ ዓይነቱ ጥበቃ ነዋሪውን ከሐይቁ ሳያፈናቅል፣ ተፈጥሮውንና በእርሱ ላይ የቆመውን ኑሮ አንድ ላይ ማቆየትን ዓላማው ያደርጋል። ለጣና ደሴቶች ይህ ማለት ረግረጉ፣ ደንገሉና ቄጤማው ከዓሣውና ከገዳማቱ እኩል የሚጠበቁ ሀብቶች ናቸው ማለት ነው።