የእንጦጦው ቅጥርና የእኛ ዶማ

የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ የሣለው ካርታ ደቡብን ከላይ ያደርጋል። ገልብጦ ላየው ሰው ዝቋላና መናገሻ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ በመካከላቸው ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ተጽፋለች። ቡራዩ ለምንኖር፣ መናገሻ ማለት ጠዋት በር ስንከፍት የምናየው ጋራ ነው።

ይህችን ከተማ ፍለጋ፣ ተመራማሪዎቹ ሃርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት ከወጨጫ እስከ የረር ያለውን አገር ቃኝተው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ በእንጦጦ ማርያምና በየካው ዋሻ ሚካኤል መካከል፣ «ፔንታጎን» የተባለ የመካከለኛው ዘመን ቅጥር አለ፤ ስፋቱ 30 ሄክታር ያህል፣ ግንቡ 520 ሜትር፣ ከፍታው አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር፣ ማማዎቹ 12። ባራራ ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚጠራጠሩም አሉ።

በስሙ ይከራከሩ፤ እኔን የያዘኝ ግንቡ ነው። የዚያን ዘመን ነገሥታት በድንኳን ሲዞሩ የኖሩ አድርገን ተማርን፣ እኔም ጡረታ እስክወጣ እንደዚያው አስተማርሁ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ያየው የድንኳን ከተማ ነው። ባለ 12 ማማ ግንብ ግን በአንድ በጋ አያልቅም። ድንጋይ የሚፈልጥ፣ የሚሸከም፣ ለሠራተኛው እንጀራ የሚጋግር ሕዝብ በዙሪያው ከርሟል ማለት ነው። የእነዚያ ሰዎች ማድጋና አመድ የት ወደቀ? ከማማው ይልቅ እሱን ባገኝ እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለውን የኑሮ ቅሪት ሌላ አገር ያነብቡታል። በመካከለኛው ዘመን ባለጸጋ እንግሊዞች ቤታቸውን በውሃ ጉድብ ይከቡ ነበር፤ 6,000 ያህል ቦታዎች ታውቀዋል። የጉድቡ ጭቃ እንጨትና ቆዳ ሳይበሰብስ ስለሚያቆይ፣ አርኪዮሎጂስቶች የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ከዚያ ያነብባሉ። የእኛ ድንጋይ መቼም አይበሰብስም፤ ይወሰዳል እንጂ። አሮጌ ካብ፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ነፃ ድንጋይ ነው።

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም እርሻው ቤት እየሆነ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መሠረት የማይቆፈርበት ሰፈር የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። እናንተም ዶማችሁ ተደርድሮ የተቀመጠ ድንጋይ ከመታ፣ አንዱንም ሳታነሡ ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።