የሞኔ ፀሐይ የወጣችው መቼ ነው?

ህዳር 12 ቀን ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በማለዳ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? «ህዳር ሲታጠን» በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠልና ፀሐይዋ በጭሱ መሀል ብርቱካናማ ኳስ መስላ ብቅ ትላለች። (አፍጥጣችሁ ግን አትዩአት!)

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም የሣለው እንዲህ ያለችውን ፀሐይ ነው። ቦታው ሌ አቭር ነው፤ የሴን ወንዝ ከባሕር የሚገናኝባት የወደብ ከተማ። ሞኔ በሆቴል መስኮት እያየ ትንንሽ ጀልባዎችን፣ ከኋላቸው ጉም የዋጣቸውን የመርከብ ምሰሶዎችና ጭስ ማውጫዎች ሣለ። ርዕሱን «ኢምፕረሽን፣ የፀሐይ መውጣት» አለው። ኢምፕረሽን ሲል በቅጽበት ዕይታ አእምሮ ላይ የሚቀረውን ስሜት ማለቱ ነው። ሥዕሉ በ1874 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ሉዊ ለርዋ የተባለ ጸሐፊ ቃሉን ለፌዝ ተጠቀመበት፤ ሠዓሊዎቹን «ኢምፕረሽኒስቶች» አላቸው። ፌዙ ስም ሆኖ ቀረ።

ቆይ ግን፣ ፀሐይዋ እየወጣች ነው ወይስ እየጠለቀች? ባለሙያዎች ተከራክረውበታል። በ2014 እ.ኤ.አ. መልስ ይዞ የመጣው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዶናልድ ኦልሰን ነው። በድሮ ካርታዎችና ፎቶግራፎች መስኮቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደሚያይ አረጋገጠ፤ እየወጣች ነው ማለት ነው። ፀሐይ እዚያ ቦታ ላይ የምትወጣው ህዳር መጀመሪያ አካባቢ ወይም ጥር ውስጥ ነው። ትልልቅ መርከቦች የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ስለነበር የማዕበሉን ሰዓት አሰላ። እኔን በጣም የገረመኝ ጭሱ ነው፦ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነፍስ ነፋሱ የምሥራቅ ነበር፤ ይህንንም ከድሮ የአየር ሁኔታ መዝገብ ጋር አመሳከረ። ሁለት ቀኖች ቀሩ። ሞኔ ከፊርማው ጎን «72» ብሎ ስለጻፈ፣ ሚዛኑ ወደ ህዳር 5 ቀን 1865 ዓ.ም. (13 ኖቬምበር 1872) አጋደለ፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡35 ገደማ። ያኔ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ከነገሡ ዓመት አልሞላቸውም፤ አዲስ አበባማ ገና አልተቆረቆረችም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ሥዕሉን ፈልጉና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፀሐይዋ የለችም ማለት ይቻላል! ሞኔ ቀለሟን ከጉሙ ለየው እንጂ ድምቀቷን እኩል አድርጎታል። የሐርቫርዷ የነርቭ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሊቪንግስተን እንደሚያስረዱት፣ የነገሮችን ቦታና እንቅስቃሴ የሚከታተለው የአእምሯችን ክፍል ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ ፀሐይዋን አያገኛትም። ቀለም የሚለየው ክፍል ግን ያያታል። ሁለቱ ስላልተስማሙ ፀሐይዋ ባለችበት የምትርገበገብ ትመስለናለች።