«ባንዳ» ማን ነው?

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና እየጠጣን ስንጨዋወት ክርክሩ ሞቅ አለና አንዱ ወዳጃችን ሌላውን «አንተ ባንዳ!» አለው። የተሰደበው ሰው መልስ ሳይሰጥ ቡናውን ትቶ ወጣ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ ቃሉን መመለስ አልተቻለም። እኔም ተሳዳቢውን ለመገሠጽ ድፍረት አጣሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እኛ ተቃዋሚዎች እርስ በርስ በተከፋፈልንበት ሰሞን፣ አሌክሳንድርያ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ቃል በትግል ጓዴ ላይ ወርውሬያለሁና። ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ይህ ቃል ከየት መጣ? ባንዳ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን የታጠቀ ቡድን ማለት ነው። ጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ በኋላ ከአገሬው ሰው መልምለው፣ ደመወዝ እየከፈሉ ያሰለፏቸውን መደበኛ ያልሆኑ ተዋጊዎች በዚህ ስም ጠሯቸው። መደበኛው የቅኝ ግዛት ወታደር አስካሪ ይባል ነበር። ቃሉን እስከ ዛሬ የሚያቃጥል ስድብ ያደረገው በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የፋሽስት ወረራ ነው። ለጠላት መንገድ የመራና አርበኛ ያሳደደ ሁሉ ባንዳ ተባለ፤ ስሙም ይገባው ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ራሱ ጥንቃቄን ያስተምረናል። ባሕታ ሐጎስ በጣሊያን ሥር የአካለ ጉዛይ ሹም ነበሩ፤ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ግን በጣሊያን ላይ ተነሥተው ሐላይ ላይ ተሰው። ራስ ስብሐትም ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ቆይተው፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል ጥቂት ቀደም ብሎ ከነተከታዮቻቸው ወደ ወገናቸው ተመለሱ። በፋሽስት ዘመንም ለጠላት ያደሩ መስለው ለአርበኞች ወሬና ጥይት የሚያቀብሉ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ምሥጢሩን የማያውቅ ጎረቤት እነርሱን ምን ብሎ ይጠራቸው ይሆን?

ውሎ አድሮ ቃሉ ከድርጊቱ ተፋታ። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ኢሕአፓ ከደርግ ጋር የሠሩትን የመኢሶን ምሁራን «ባንዳ» ሲል ፈረጀ፤ ደርግ ደግሞ ኢሕአፓን «አናርኪስት» አለ። ከፍረጃው በኋላ ጥይት መጣ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ተላለቁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ጊዜም ቃሉ ከግለሰብ አልፎ ሕዝብን በጅምላ መስደቢያ ሆነ።

እንግዲህ «ባንዳ» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሰውየው ያገለገለው የትኛውን ባዕድ ነው? ምን ሠራ? ማስረጃውስ የት አለ? ባንዳነት ሥራ እንጂ ዘር አይደለም፤ «የባንዳ ልጅ» የሚባል ወንጀልም የለም። በሐሳብ የተለየንን ሁሉ ባንዳ ካልን ደግሞ እውነተኛው ባንዳ በመካከላችን ተደብቆ ይኖራል።

ያ የትግል ጓዴ ይህን ካነበበ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ያልኩት ሐሰት ነበር። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ቸር ይግጠመን!