የብርጭቆ ጥላ

ድፍን አካል ብርሃንን ሲጋርድ ጥላ ይጥላል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ብርሃንን የሚያሳልፍ አካል ግን ጥላው ሌላ ነው። ጠጅ የተቀዳበት ብርሌ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ባረፈበት ገበታ ላይ ቢቀመጥ፣ ከወዲያ በኩል የሚወድቀው ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ መካከሉ ወርቅ የመሰለ፣ በውስጡም ከገበታው ከራሱ ይልቅ የሚያበራ የብርሃን ነጥብ ያለበት ነው። ጽላሎትና ጸዳል በአንድ ስፍራ ተዋሕደው የሚታዩበት ይህ ነገር ከሰው ዓይን ተሰውሮ ባያውቅም፣ የሰው እጅ በሥዕል ሊገልጠው እስኪችል ድረስ እጅግ ብዙ ዘመን አልፏል። ዛሬም የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ላይ በማስታወሻ አልበም መልክ የሚያሰናዳ ሰው፣ በገጹ ላይ የመስተዋት ጠብታ ወይም ስስ ፕላስቲክ ባሳረፈ ጊዜ የሚገጥመው ችግር የቀደሙት ሠዓሊዎች የገጠማቸው ያው ችግር ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መከተል ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጽ አጀማመር ሲተርክ፣ በቆሮንቶስ ይኖር የነበረ ቡታዴስ የሚባል የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ የተነሣው ወዳጇ በመብራት ብርሃን በግድግዳ ላይ የጣለውን ጥላ ዙሪያውን በመስመር እንዳስቀረችው፣ አባቷም በዚያው መስመር ላይ ጭቃ ለጥፎ ምስል እንዳደረገው ይናገራል። ይህ የድፍን አካል ጥላ ነው፤ መስመሩን ተከትሎ ውስጡን መሙላት ይበቃዋል። ለመስተዋት ግን አይበቃም። መስተዋትን በትንፋሽ እየነፉ መሥራት ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጤም ጠረፍ ከተጀመረ በኋላ፣ ጥርት ያለው ዕቃ በሮማውያን ቤት የተለመደ ጌጥ ሆነ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ፣ ከዩልያ ፌሊክስ ቤት ግድግዳ ተነሥቶ ዛሬ በናፖሊ ሙዚየም በሚገኘው ሥዕል ላይ ፍሬ የተሞላ የመስተዋት ሳህን ይታያል፤ የሠዓሊው ትጋት ሁሉ ያረፈው ፍሬው በመስተዋቱ ውስጥ አልፎ እንዲታይ በማድረጉ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በክርስቲያን ዓለም ሥዕል ረጅም ዘመን ያለ ጥላ ኖረ። በቁስጥንጥንያም ሆነ በአገራችን በቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት፣ ቅዱሳኑ በምድር ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። ይህን የእጅ ድካም ወይም የዕውቀት ማነስ አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥላ የሚመጣው ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ነውና፣ በዮሐንስ ራእይ ፀሐይና ጨረቃ እንደማያስፈልጓት በተነገረላት ከተማ የሚኖሩትን የሚሥል ሰው ከቀኝ ወይስ ከግራ የሚል መስኮት መክፈት አይገባውም ነበር። ጥላው በሥዕል ውስጥ የተመለሰው ሠዓሊው ቅዱሱን በምድራዊ ክፍል፣ በምድራዊ ሰዓት ሊያሳየው በፈለገ ጊዜ ነው።

ሠዓሊዎቹ ዝም ባሉበት ዘመን የተናገሩት ሊቃውንት ናቸው። በ965 ዓ.ም. ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሃይሰም፣ ስለ እይታ ከጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ሌላ፣ ስለ ጥላ ጠባይ አንድ ድርሳን፣ ብርሃንን ሰብስባ ስለምታቃጥል የመስተዋት ድንቡል ደግሞ ሌላ ድርሳን ጽፏል። ፋርሳዊው ከማል አድ ዲን በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእርሱን ፈለግ ተከትሎ፣ ውኃ የተሞላ የመስተዋት ድንቡል በጨለማ ክፍል አኑሮ የፀሐይን ጨረር እያሳለፈ የቀስተ ደመናን ምሥጢር መረመረ። የመረመሩት ነገር ለጥላችን ዋና ቁልፍ ነው፤ ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ሲገባና ሲወጣ ይሰበራል፣ ክብ በሆነው አካል ዳርቻ የሚያልፈውም ወደ መካከል ይታጠፋል፣ ስለዚህ ዳርቻው ጨለማ የሚሆነው ብርሃኑ ስለጠፋ ሳይሆን ስፍራውን ትቶ ወደ መካከሉ ስለ ተሰበሰበ ነው። የዳሩ ጥቁረትና የመካከሉ ድምቀት አንድ ሒሳብ ናቸው፤ ከአንዱ የጎደለው በሌላው ይገኛል።

በኢጣልያ ሠዓሊው ማሳቾ በ1420ዎቹ በፍሎሬንስ በብራንካቺ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ጴጥሮስ በጥላው ድውያንን ሲፈውስ ሣለ፤ ከዚህ የበለጠ ለጥላ የተሰጠ ክብር አላውቅም። የመስተዋቱን ጥላ ግን ያወጡት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ናቸው። ያን ቫን ኤይክ በ1432 በተፈጸመው በጌንት መሠዊያ ሥዕል ላይ፣ የብሥራቱን ክፍል ሲሥል፣ የሥዕሉ ክፈፍ ራሱ በተሣለው ወለል ላይ ጥላ እንዲጥል አድርጎ፣ የጥላውንም አቅጣጫ ሥዕሉ ከቆመበት ጸሎት ቤት መስኮት ጋር አስማምቶታል። በ1434 በሣለው የአርኖልፊኒ ሥዕል ደግሞ፣ ከክቡ የፊት መመልከቻ መስተዋት አጠገብ የተንጠለጠለው የመቁጠሪያ ዶቃ ብርሃንን አሳልፎ፣ በግድግዳው ላይ ጥላና ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦችን በአንድነት ይጥላል። አንድ ሰው ይህን ለማድረግ ዶቃውን ሳይሆን ከዶቃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በትዕግሥት መመልከት ነበረበት። ለዘመኑ ምዕመናን ነገሩ ከዕይታ ጥበብም በላይ ነበረ፤ ጨረር መስተዋትን ሳይሰብር እንደሚያልፍ ቃልም ማኅተመ ድንግልናዋን ሳይለውጥ ከእመቤታችን መወለዱን የሚያስረዳ ምሳሌ በምዕራብ መምህራን ዘንድ የታወቀ ነበርና፣ በብሥራት ሥዕል ውስጥ የሚታየው ጥርት ያለ ዕቃ ያለ ትርጓሜ የተቀመጠ አልነበረም።

ሊዮናርዶ በ1490 በሚያዝያ ወር ስለ ብርሃንና ጥላ መጽሐፍ ጀምሮ፣ በአካሉ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ከአካሉ ወጥቶ በሌላ ነገር ላይ ከሚወድቀው ለይቶ ተነተነ። ይሁን እንጂ የመስተዋት ጥላ ወደ ፍጹምነት የደረሰው፣ በእኔ ፍርድ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ በሃርለም ከተማ ነው። ፒተር ክላስና ቪለም ክላስ ሄዳ ይበልጡን የግብር ገበታ እየሣሉ ዕድሜያቸውን ፈጸሙ፤ ዳቦ፣ የተላጠ ሎሚ፣ የብር ሳህን፣ አረንጓዴ የወይን ብርጭቆ፣ ከዚህ ብዙም አይወጡም። በብርጭቆው ሆድ ላይ የክፍሉ መስኮት ታጥፎ ይታያል፤ በወይኑ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል ይደምቃል። ይህን ልብ ማለት ያሻል። በመስተዋቱ ፊት ላይ ያለው ነጸብራቅ ብርሃኑ በመጣበት በኩል ሲሆን፣ በጥላው ውስጥ ያለው የብርሃን ነጥብ ግን በተቃራኒው ወገን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ወገን ያኖረ ሠዓሊ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ፣ ዓይኑን ያስቸግረዋል።

ባለቀለም መስተዋት የሚያደርገውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 በአዲስ አበባ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራቸው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት የመስተዋት ሥዕሎች ፀሐይ ሲያልፍባቸው የሚጥሉት ቀይና ቢጫ ኅብር ነው። ቀዩ መስተዋት ቀይን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል፤ ስለዚህ ጥላው የመስተዋቱን ቀለም ይዞ ይወርዳል።

የማስታወሻ አልበም ልማድ ከዚህ ሁሉ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ሥዕልና የጋዜጣ ቁራጭ በደብተር ላይ መለጠፍ በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ ተወዶ ነበር፤ ደራሲው ማርክ ትዌይን እንኳ በ1873 ሙጫው አስቀድሞ የተቀባበት ደብተር አውጥቶ በመንግሥት መዝገብ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። በ1980 በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው የቤተ ሰብ መዛግብት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የዩታዋ ማሪየለን ክሪስተንሰን የቤተ ሰቧን አልበሞች ካሳየች በኋላ ሥራው እንደ ገና ታደሰ። በወረቀት ዘመን ጥላ የማንም ጭንቀት አልነበረም፤ ሪባኑን ያሰረ፣ ብርሃን አሳላፊውን ስስ ወረቀት የለጠፈ ሰው፣ ጥላውን የክፍሉ መብራት በነጻ ይሰጠዋል። ገጹ ወደ ኮምፒዩተር በገባ ጊዜ ይህ ነጻ ስጦታ ቀረ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሆነ፣ ጥላውም በእጅ የሚሠራ ሆነ።

በማሽኑ ዘንድ ግልጽነት የሚታወቀው በቁጥር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትመል ለእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ ከቀለሞቹ ሌላ አልፋ የተባለ ቁጥር ጨመሩለት፤ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 በዚህ ቁጥር አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ የመደረብን ሕግ በሥርዓት ጻፉ። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አልፋ የሚናገረው ከታች ያለው ነጥብ ምን ያህል እንደ ተሸፈነ ብቻ ነው፤ የሸፈነው አካል ብርሃንን ይሰብር አይሰብር፣ ቀዩን ብቻ ያሳልፍ ወይም ሁሉን ያሳልፍ አይነግረንም። የብርሃንን ጉዞ በሒሳብ የተከተሉት ሌሎች ናቸው፤ ተርነር ዊትድ በ1980 የመስተዋት ድንቡሎችን በጨረር ስሌት አሳየ፣ ጄምስ አርቮ በ1986፣ ሄንሪክ ቫን ዬንሰን በ1996 በመስተዋት ውስጥ ተሰብስቦ የሚወድቀውን የብርሃን ነጥብ ለማስላት መንገድ አበጁ። ይህ ጥበብ ግን ለፊልም ሠሪዎች እንጂ ለአልበም ሠሪዋ ጠረጴዛ አልደረሰም።

ለእርሷ የደረሰው ፎቶሾፕ ነው፤ በ1990 ወጣ፣ በ1994 ሌየር የሚባሉትን ተደራራቢ ገጾች አገኘ፣ በ1998 ደግሞ ለማንኛውም ሌየር በአንድ ትእዛዝ ጥላ የሚሰጥ ድሮፕ ሻዶ ተጨመረለት። ማሽኑ ሳይጠየቅ የሚሰጠው ጥላ ለረጅም ዘመን ጥቁር፣ ከመቶ 75 እጅ ጉልህ፣ ብርሃኑም ከላይ ከግራ በ120 ዲግሪ የሚመጣ ነበር። ለሪባንና ለቁልፍ ያገለግላል። መስተዋት ላይ ሲያርፍ ግን በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ የሌየሩ ሙሌት፣ ማለትም የአካሉ ጉልህነት፣ ሲቀነስ፣ ሌየሩ ጥላውን እንዲቆርጠው የሚያዝዘው ምልክት አስቀድሞ በርቶ ስለሚቆይ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ገጽ ጥላ የሌለበት ንጹሕ ሆኖ፣ ከውጭ ብቻ ጥቁር ጠርዝ ይተርፋል፤ ምልክቱ ቢጠፋ ደግሞ ጥላው ውስጡን ሁሉ እኩል አጥቁሮ፣ መስተዋቱን ጥቀርሻ ያስመስለዋል።

የሠለጠኑት ሠሪዎች ስለዚህ ጥላውን ከአካሉ አላቅቀው በራሱ ሌየር ላይ ያኖሩታል። ከዚያ ጥቁሩን ትተው የዕቃውን ቀለም ጠቆር አድርገው ይሰጡታል፤ መልቲፕላይ በተባለው አደራረብ ላይ ይህ ቀለም ከገጹ ቀለም ጋር ስለሚባዛ፣ ባለቀለም መስተዋት በብርሃን ላይ የሚያደርገውን ያደርጋል። ቀጥሎ ማስክ በሚባለው መሸፈኛ የጥላውን መካከል ያሳሱታል፣ ዳሩን ይተዉታል፤ ከብርሃኑ ተቃራኒ በኩልም ስክሪን በሚባለው አደራረብ ትንሽ ብሩህ ነጥብ ያሳርፋሉ። ይህ ግን ለጠብታ፣ ለዶቃና ለክብ ነገር ነው። ጠፍጣፋ ስስ ፕላስቲክ ብርሃንን አይሰበስብምና ነጥብ አያሻውም፤ በፊትና በኋላ ገጹ ከሚመልሰው ጥቂት ብርሃን የተነሣ ጥላው ከአልበሙ ገጽ ጥቂት ብቻ የደበዘዘ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ግን ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር የሚጥል ነው። ገጹን የነካው ክፍል ጥላው ጠባብና ስለታም፣ ከፍ ያለው ክፍል ጥላው ሰፊና የለሰለሰ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የምከራከርለት ግን የአቅጣጫው ነገር ነው። በአልበሙ ገጽ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የራሱ ፀሐይ አለው፤ የአያቲቱ ፊት ከቀኝ ከበራ፣ በአጠገቧ የተቀመጠው የመስተዋት ጠብታ ማሽኑ እንደሚፈልገው ከግራ ሊበራ አይገባውም። አቅጣጫውን የሚወስነው 120 የሚለው ቁጥር ሳይሆን ፎቶግራፉ ነው፤ ገጹን የሚያሰናዳው ሰው ማናቸውንም ጌጥ ከማኖሩ አስቀድሞ በፎቶግራፉ ውስጥ ባለው ፊት ላይ የወደቀውን ጥላ አይቶ ማዕዘኑን ሊለውጥ ይገባዋል።