ከአኩፋዳ እስከ ምሳ ዕቃ

«የቆሎ ተማሪ» የሚለውን ስም እስቲ ቆም ብለን እንስማው። ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከእናቱ ጓዳ የወጣውን የአሥራ ሁለትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አያቶቻችን የጠሩት በሚማረው አይደለም፤ በሚበላው ነው። እሱም ከተገኘ። ዛሬ ስለ ታዳጊዎች ረሃብ ስናወራ አዲስ ነገር የምናወራ ይመስለናል እንጂ፣ በዚህ አገር ተማሪነትና ረሃብ በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል።

አሠራሩን ብዙዎቻችን በወሬ እናውቀዋለን። ልጁ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከቤት ቁራሽ እንጀራ ይወጣለታል። የተረፈው ደርቆ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ይህን ሕይወት ማሳመር አንፈልግም፤ ውሻ የዘነጠለው፣ ተስቦ ጎጆው ውስጥ የጨረሰው ተማሪ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ግን ልመናው ሕግ ነበረው። ካለው ቤት የመጣውም ልጅ ይለምናል፤ መለመን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበርና። ስለዚህ ነውሩ የለማኙ ሳይሆን የከለከለው ቤት ነው። በዛሬ ቋንቋ እናውራ ካልን መንደሩ በሙሉ የተማሪ ካፌ ነበር። አንድ ትልቅ ቀዳዳ ግን ነበረው፦ አኩፋዳ የወንድ ነበር። የሴት ልጅ ረሃብ ከቤት አልወጣም፤ ስምም አልተሰጠውም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ መጋቢው ተለወጠ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በኋላም ጀኔራል ዊንጌትን የመሰሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲከተሉ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ጎረምሳ የሚያድረውም የሚበላውም እዚያው ሆነ። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ተቻለ። ትምህርት ቤት በየአውራጃው ሲስፋፋ ግን (መስፋፋቱ መልካም ሆኖ) ወንበሩ እንጂ ማዕዱ አብሮ አልተስፋፋም። ሁለተኛ ደረጃው ከተማ ነው፤ ልጁ ገጠር ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ወደ ቤተሰብ፤ እሑድ እንጀራና ሽሮ ተሸክሞ መመለስ። ሰኞና ማክሰኞ ደህና ነው። ረቡዕ እንጀራው ይሻግታል፤ ሻጋታውን ፍቆ መብላት ነው። ሐሙስ እንግዲህ እንደምንም ነው። ዛሬም ሳምንቱን በዚህ የሚቆጥር የክፍለ ሀገር ተማሪ ብዙ ነው። አኩፋዳው ፌስታል ሆነ እንጂ ስንቁ ያው ነው፤ የጠፋው ደጅ ቆሞ ያለ ኀፍረት «ስጡኝ» ማለቱ ነው።

ለምን ጠፋ? በእኛ ግምት አንዱ ምክንያት ረሃብ የሚለውን ቃል ድርቅ ስለወሰደው ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን እልቂት የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም ዘገባ። ከዚያ ወዲህ ረሃብ ማለት ኮረም ነው፤ የደረቀ መሬት፣ እናትና ሕፃን። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ፀጉሩን ያበጠረ የአዲስ አበባ ልጅ «ራበኝ» ቢል ማን እንደ ረሃብተኛ ይቆጥረዋል? እሱ ራሱስ?

ስለዚህ አይልም። «ቁርስ አልወድም» ይላል። «ዛሬ ጾም ነኝ» ይላል፤ ጾም ባልሆነ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሲቀላቀል እሱ ኳስ ሜዳ ነው፣ ወይ ላይብረሪ። ለመቀላቀል የሚቀላቅሉት ነገር ያስፈልጋላ! ሳንቲም ሲገኝ ደግሞ ፓስቲ፣ ቺፕስ፣ እርጥብ። አዋቂዎች «የዘመኑ ልጆች የማይረባ ነገር ትወዳላችሁ» ይሉናል። ባለን ብር ሆድ የሚሞላው ዱቄት፣ ድንችና ዘይት ብቻ ሆኖ ሳለ ነገሩን ምርጫ ማለት ይከብዳል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የእህል ዋጋ ጣሪያ ሲነካ መንግሥት ለከተማ ድሃ የድጎማ ስንዴ ያከፋፍል ነበር። ስንዴው የሚታደለው ለቤተሰብ ነው፤ ቤት ውስጥ ማን እንደበላ ማንም አይጠይቅም።

የጠየቁ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ተመራማሪዎች በጅማና በአካባቢዋ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ስለ ቤታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ሆድ ጠየቁ። ወንዶቹም ሴቶቹም የሚኖሩት እኩል በተቸገረ ቤት ነው። ሆኖም «እኔ ራሴ የምበላው አጥቻለሁ» ያሉት በብዛት ሴቶቹ ሆኑ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ረሃብ። እኛ ሴቶቹ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ መጀመሪያ ለአባት፣ ቀጥሎ ለወንድም፣ ያቀረበችው ልጅ ከተረፈው። ወንድሟ ደጋግሞ ቢጠይቅ «እያደገ ነው» ይባላል፤ እሷ ብትጠይቅ «ሆዳም» ናት። ያ የአኩፋዳ ዘመን ቀዳዳ አልተደፈነም።

መጋቢነት ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው በቅርቡ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በምግብ እጥረት በሚጠቁ ገጠሮች ተማሪ ሲመግብ ቆይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ጀምሮት የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማው አስተዳደር ተረክቦ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ልጆች አሰፋው። ምግቡን የሚያበስሉትም የተቀጠሩ እናቶች ናቸው። ትልቅ ነገር ነው፤ ስናደንቅም አናፍርም። ግን የተዘረጋው ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላለው ተማሪ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው ልጅ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የሚመዘዝበት ጊዜ። ልጅቷም የወር አበባ ማየት ጀምራ ሰውነቷ ከቀድሞው የበለጠ ብረት ያለው ምግብ ይፈልጋል። ግቢው ይቀየራል፣ ደብተሩ ይበዛል፣ ምሳው ይቀራል። በሰኔ ትምህርት ቤት የበላ ልጅ በመስከረም አይበላም።